«ትንሽ ጠብቅ» እየተባለ ያረጀ ላፕቶፕ

ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ከተነቀለ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ገመዱም ቢሆን ቀጥ ብሎ ከተሰካ ኃይል ስለማያስገባ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ከሥሩ አድርጌ ቀና አድርጌዋለሁ፤ ወረቀቱ የተንሸራተተ ጊዜ ስክሪኑ ድርግም ይልና ሴቭ ያላደረግኩት ሥራ ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ክርኔ ገመዱን ነክቶት፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ለእኔ በቀረበበት ቅጽበት ከስብሰባው ተሰወርኩ። ሆን ብሎ ነው ያለ ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

«ታዲያ ለምን አዲስ አትገዛም?» ትሉኝ ይሆናል። ብሶቴም ይኸው ነው። ልገዛ በተነሣሁ ቁጥር፣ ኮምፒውተር ያውቃል የተባለ ወዳጄ ሁሉ «አሁን ከምትገዛ ትንሽ ጠብቅ፣ አዲሱ ሊወጣ ነው» ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኤም 1 የተባለውን ቺፕ የያዙ የአፕል ላፕቶፖች ሲወጡ «የመጀመሪያው እንከን አያጣውም፣ ሁለተኛውን ጠብቅ» ተባልኩ። ሁለተኛው በ2022 መጣ፣ ሦስተኛው በ2023 ተከተለ፣ አራተኛው በ2024 ደረሰ፤ እኔም ጠበቅኩ። ፊቴን ወደ ዊንዶውስ ሳዞር ደግሞ ማይክሮሶፍት በዚያው በ2024 ኮፓይለት ፕላስ ብሎ የሰየማቸውን ላፕቶፖች አስተዋወቀና፣ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተብሎ በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ክፍል የሌለው ማሽን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው የሚሉኝ በዙ። የእኔ ሥራ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ 40 ትሪሊዮን ስሌት ምን እንደሚያደርግልኝ ግን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

በኋላ ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ተንብዮ፣ በ1975 ግምቱን ወደ ሁለት ዓመት አሻሽሎታል። እንግዲህ የተሻለው እስኪወጣ ልጠብቅ ያለ ሰው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቢጠብቅ ኖሮ እስካሁን ባዶ እጁን ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ምርጫው ዛሬ እንደ ድሮው የሚታረም አለመሆኑ ነው። ይህ አሮጌው ላፕቶፔ እዚህ የደረሰው፣ ከዓመታት በፊት በትንሽ መፍቻ ጀርባውን ከፍቼ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ስለቀየርኩለትና አንድ ራም፣ ማለትም ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ስለጨመርኩለት ነው፤ ለመነሣት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው ማሽን ከሰላሳ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መነሣት ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ዛሬ በብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ኢንቴል በ2024 ባወጣው ሉናር ሌክ በተባለው ቺፕ ላይ እንዲያውም ስሌቱን ከሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ እሽግ ገብቷል። ፍጥነት ይጨምራል፣ ባትሪ ይቆጥባል ይላሉ፤ አልዋሹም። ነገር ግን 8 ጊጋባይት ራም ገዝቶ «ሲያንሰኝ እጨምራለሁ» ማለት ስለቀረ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገኝን ዛሬውኑ ገምቼ ዛሬውኑ እንድከፍል እገደዳለሁ። ይህን እንኳን እኔ፣ የሚያመርቱትም አያውቁትም።

«ከጠበቅክ ዋጋው ይወርዳል» የሚለው ምክርም አልሠራልኝም። በ2025 መጨረሻ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ማዕከላት የሚመረተውን ሜሞሪ እየጠራረጉ ሲወስዱት የራም ዋጋ ተሰቀለ፤ ማይክሮን የተባለው አምራችማ ለተራው ሸማች ሜሞሪ የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለውን ንግዱን እንደሚተው አስታወቀ። ምክሩን የሰጠኝ ወዳጄ ይህን ስነግረው ለጊዜው ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው እስኪረጋጋ ጠብቅ» አለኝ።

ማሽኑ ግን መጠበቅ አልቻለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ ከደኅንነት ማሻሻያዎቹ ጋር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ወደ 11 ልሻገር ብዬ ብሞክር፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ስለሌለው አይሆንም ተባልኩ። የባንክ ሥራዬን በእሱ ላይ መሥራት ካቆምኩ ሰነባብቷል።

ስለዚህ ትናንት ማታ ለማንም ሳልነግር ቆረጥኩ። 16 ጊጋባይት ራም ወይስ 32 በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ተሟግቼ 32ቱን መረጥኩ፣ አድራሻዬን ሞላሁ፣ የካርዴንም ቁጥር አስገብቼ ልጨርስ ሁለት አኃዝ ሲቀረኝ ወረቀቱ ተንሸራተተ።