ከዱዓው ቀጥሎ ያለውንም አንብቡት

አሰላሙ ዐለይኩም። አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ «የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ዱዓ (ልመና) አድርግ፣ ከዚያ የኋላውን ግድግዳ እያየህ ተናገር» ይላል። ዱዓው ላይ እስማማለሁ። ግድግዳው ግን አልተዋጠልኝም።

በቁርኣን ሱረቱ ጧሃ ከ25 እስከ 28 ሙሳ ልባቸው እንዲሰፋ፣ ምላሳቸው እንዲፈታ የለመኑበት ነው። እዚያው ቀጥሎ ምን እንዳሉ እዩ፤ ወንድሜን ሃሩንን ረዳት አድርግልኝ አሉ። ሱረቱ አል-ቀሰስ 34 ላይ ደግሞ በግልጽ ከእኔ ይልቅ አንደበተ ርቱዕ እሱ ነው ይላሉ። ፊርዓውን ፊት ሊቆሙ የታዘዙ ነቢይ ናቸው እንዲህ የሚሉት! እና አንተ ኒካሕ (የጋብቻ ሥነ ሥርዓት) ላይ ሁለት ቃል ተናገር ስትባል ጉልበትህ ቢከዳህ ምን ይገርማል? አንድ የምታምነውን ጓደኛ ፊት ለፊት አስቀምጥ፣ ቀድመህ ቤት ውስጥ ለእሱ ተናገርለት፣ መድረክ ላይም ዓይንህ ማረፊያ ሲያጣ ከግድግዳው ይልቅ እሱን እይ።

ሌላው ፍጥነት ነው። የፈራ ሰው ቶሎ ለመገላገል ይጣደፋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይባስ ይደነግጣል። ባለቤታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ረጋ ብለው ስለሚናገሩ ንግግራቸውን መቁጠር የፈለገ ሰው ይቆጥረው ነበር። ሰው እንዲገባውም ሦስቴ ይደግሙ እንደነበር ሶሓባቸው (ባልደረባቸው) አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፏል። ስለዚህ ቃል ሲጠፋብህ ያልከውን ድገመው፣ ማንም አይታዘብህም።

ኹጥባ (የጁሙዓ ንግግር) ማሳጠር የማስተዋል ምልክት እንደሆነም በሐዲስ (ከነቢዩ በተላለፈ ቃል) መጥቷል፤ ለፈሪ ሰው ከዚህ በላይ ምን ብስራት አለ! ወረቀት መያዝም ነውር የለውም፣ ስንቱ ኢማም በጁሙዓ ከወረቀት እያነበበ አይደል እንዴ?