«መንግሥት ይግባበት» ከማለታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ አንድ ልማዳችን አልጥም ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ገንዘብ ተበላ ሲባል ወዲያው «መንግሥት የት ነው? ለምን አይገባበትም?» እንላለን። የገባ ቀን ደግሞ «በሃይማኖታችን መጣብን» ብለን እንጮኻለን። እስቲ ረጋ በሉና ህንድን ተመልከቱ።

በታሚል ናዱ ግዛት ከ30 ሺህ በላይ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች የሚገኙት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። በትልልቆቹ ላይ ሥራ አስፈጻሚ የሚሾመው እሱ ነው። የመሬታቸውም የገንዘባቸውም ጉዳይ በእሱ እጅ ያልፋል። ይባስ ብሎ ቤተ መቅደሱ ለዚሁ ቁጥጥርና ለኦዲቱ ከገቢው ይከፍላል! ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ነው፤ የማድራስ (የዛሬዋን ታሚል ናዱ ያካተተው የያኔው ግዛት) ደንብ የወጣው በ1817 ነበር (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምናገረው)። ነጻነት ከመጣ በኋላም የ1951 እና የ1959 ሕጎች የመንግሥትን እጅ አጠነከሩት። ሰበቡ ያው ምዝበራ ነው። ሰበቡ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 የእምነት ነጻነትን ይጠብቃል። ግን ከእምነት ጋር የተያያዘውን የገንዘብ ሥራ መንግሥት እንዲቆጣጠር ይፈቅዳል። ቤተ መቅደሶች ለሁሉም ሂንዱ እንዲከፈቱ ማድረግንም እንዲሁ። ይህን ሁለተኛውን አልነቅፍም። ዳሊቶች («የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት ወገኖች) ደጃፉን እንዳይረግጡ ተከልክለው ኖረዋል፤ ያለ ሕግ ጉልበት ብዙው በር አይከፈትላቸውም ነበር። በር ማስከፈት ግን ሌላ፣ ቁልፍ ይዞ መቅረት ሌላ።

እዚያው ታሚል ናዱ፣ የቺዳምባራም ከተማው የናታራጃ ቤተ መቅደስ ካህናት ቁልፋቸውን ለማስመለስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው። ፍርድ ቤቱ በ2014 የፈረደላቸው መንግሥት ለብልሹ አስተዳደር ብሎ ቢገባም ብልሽቱ ሲታረም መውጣት አለበት ብሎ ነው። እነሱ ተሳካላቸው። ሌላው ሁሉ ግን እንዲህ ተሟግቶ መርታት ይችላል?

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ስለዚህ ሌባው ይከሰስ በሉ፤ ወንጀል ወንጀል ነው። ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ለምእመኑ ይነበብ በሉ። «አስተዳዳሪ ሹሙልን» ግን አትበሉ። ደግሞስ፣ ይህን ሁሉ የምንጮኸው ሰዎች ባለፈው የሰበካ ጉባኤ ወይም የመስጊድ ኮሚቴ ምርጫ ላይ ስንቶቻችን ተገኘን?