ላክቶፌሪን ሌላ፣ የጀሪካኑ ወተት ሌላ

«ወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነርቭ ይጠግናል» የሚለው ወሬ ድሬዳዋና ሐረር ላይ በቀላሉ «ጥሬ የግመል ወተት ጠጡ» ወደሚል ምክር ይዞራል። ወሬው መነሻ አለው፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው።

ፕሮቲኑ ላክቶፌሪን ይባላል። ብረት ይይዛል፣ እብጠትን ያበርዳል፤ በእንስሳት ሙከራም የነርቭ ሴሎችን ከጉዳት ሲከላከል ታይቷል። ነገር ግን አንድ ሊትር የላም ወተት የሚይዘው ወደ 100 ሚሊ ግራም ገደማ ነው (እንገር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል)፤ ከተጠጣም ፕሮቲን የሚፈጨው የጨጓራ ኢንዛይም (ፔፕሲን) ይቆራርጠዋል። በሰው ላይ ሲፈተን ተስፋ የሚያሳጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ሙከራ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 2203 ሕፃናትን አሳትፎ ለግማሾቹ ገደማ ላክቶፌሪን ቢሰጥም ኢንፌክሽንን አልቀነሰላቸውም። ያም ቢሆን ለኢንፌክሽን እንጂ ለነርቭ አልነበረም።

ወተቱ ሲፈላ ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፤ «ጥሬውን» የሚለው ምክር የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንድ ጀሪካን ግን የብዙ ግመሎች ወተት ነው፤ አንዷ ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) ካለባት ሁሉም ተበከለ። ዕቃው መታጠኑ ጠረኑን ያሳምረዋል እንጂ ጀርሙን ይገድላል ተብሎ አይታመንበትም። ብሩሴሎሲስ ደግሞ አንዳንዴ የአንጎል ሽፋንንና ነርቭን ራሱን ያጠቃል፤ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከሌላ መድኃኒት ጋር መውሰድ ነው። ነርቭ ላድን ብሎ ነርቭ ማስጠቃት! ወተቱ ይፈላ።

የተቆረጠ ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከእጅ አንጓ ጣት ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈልጋል። «ሁለት ሳምንት ጠጥቼ እግሬ ዳነ» የሚል ሰው ተሽሎት ሊሆን ይችላል፣ ነርቩ ግን በሁለት ሳምንት አላደገም።

ስኳር ያለበትና እግሩ የሚያቃጥለው ወይም የሚደነዝዘው ሰው ከወተት ሻጯ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ይለካለት፤ እጥረቱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመስታወት ይይ፣ የመታጠቢያ ውኃውን በክርኑ ይሞክር፣ የድሬዳዋን የቀትር አስፋልት በባዶ እግር አይርገጥ፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም።

ቆዳው ላይ የነጣና የማይሰማው ነጠብጣብ ያየ ደግሞ ነርቭ የሚጎዳውን ሥጋ ደዌን ያስብ። ከሐረር ብዙ የማይርቀው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የተመሠረተው ለዚሁ በሽታ ነበር። ነርቩ መሥራት ካቆመ ገና 6 ወር ካልሞላው ፕሬድኒሶሎን የተባለው እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ሊመልሰው ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ዕድሉ ይጠባል።