ዳር ቤት መሥራት ወይስ መሐል አፓርታማ መግዛት፦ ሒሳቡ የሚዛባው የት ላይ ነው?

ከተማ ዳር ቦታ ይዞ ቤት መሥራትና ወደ መሐል ቀረብ ብሎ አፓርታማ መግዛት ሲነጻጸሩ አብዛኛው ሰው ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ የመሬቱና የግንባታው ድምር በአንድ በኩል፣ የአፓርታማው መሸጫ በሌላ በኩል። በዚህ ሒሳብ የዳሩ ቤት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ተጨማሪ መኝታ ቤትና ግቢ ይገኝበታል። ነገር ግን ተሠርቶ ያለቀ አፓርታማ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ያልተጀመረ ቤት ዋጋ ግን ገና ግምት ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ ማነጻጸር የመጀመሪያው ስህተት ይመስለናል።

ግምቱ መዛባት የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው። ኮንትራክተሩ ዋጋ ሲሰጥ ለመሠረቱ 1 ሜትር ቁፋሮ ይበቃል ብሎ አስልቶ ይሆናል። ቁፋሮው ሲጀመር ጥቁር ሸክላ አፈር ቢወጣና ጠንካራው መሬት የሚገኘው 2.5 ሜትር ላይ ቢሆን ምን ይመጣል? 10 በ10 ሜትር የሆነ ቤት የውጭ ግድግዳው ዙሪያ 40 ሜትር ነው። ቦዩ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ተጨማሪው ቁፋሮ ብቻ 48 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። አፈር ሲቆፈር ስለሚላላ ተጭኖ የሚወጣው ወደ 60 ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። የውስጥ ግድግዳዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ከዚያ የሚሞላው ድንጋይ፣ ገረገንቲ፣ ፌሮና አርማታ ይከተላል። ይህ ሁሉ ወጪ ለቤቱ አንዲት ክፍል እንኳ አይጨምርም።

ወጪውን ሸሽቶ በዚያው አፈር ላይ መሥራት ደግሞ የባሰ ነው። ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህን የሚያደርገውም በሁሉም ጎን እኩል አይደለም። ጣሪያው ውሃ የሚያፈስበት ጥግ ሲነሳ፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ጎን ደርቆ ይወርዳል። ውጤቱ ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ በብሎኬት ግድግዳ ላይ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ ይወጣል። በሩ መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ጭራሽ አልዘጋ ይላል። ስንጥቁን በልስን መሸፈን ደግሞ ለቀጣዩ ወቅት ማቆየት ብቻ ነው።

ስለዚህ የአፈር ምርመራ ከግንባታ ውል በፊት ይሠራል፤ ሻጩ ከፈቀደ ቦታው ከመገዛቱም በፊት። ከቦታው መሐል አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ መሄድ አይበቃም። ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች መታየት አለበት፤ በተለይ ተዳፋት ቦታ ላይ ዝቅ ያለው ጎን ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ተሞልቶ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ክፍያ ከላይ ካሰላነው ቁፋሮ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ውሉን በተመለከተ ዋናው ነገር ውስጡ የሌለው ነው። አጥር፣ የግቢ ንጣፍ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የዝናብ ውሃ ማፋሰሻ፣ መብራትና ውሃ ከዋናው መስመር መሳቢያ፣ የኩሽና ካቢኔና ቁም ሳጥን በብዙ ውሎች ውስጥ ወይ አይገኙም፣ ወይም «ጊዜያዊ ግምት» ተብለው በትንሽ ቁጥር ይቀመጣሉ። ከውሉ ዋጋ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። ክፍያም ተለክቶ ለተጠናቀቀ ሥራ ብቻ ይፈጸም። ግንባታው በዘገየ ቁጥር ባለቤቱ የቤት ኪራይና የባንክ ወለድ ደርቦ ይከፍላል፤ ይህ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይጻፍም። ደግሞ ለመፍጠን ሲባል ሶሌታውን፣ ማለትም የአርማታ ወለሉን፣ ውሃ ማጠጣት አይቋረጥም፦ አርማታ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት ይፈልጋል፣ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው።

ርቀቱስ? የዳሩ ቤት ከአፓርታማው ይልቅ ከሥራ ቦታ በ20 ኪሎ ሜትርና በ50 ደቂቃ ይርቃል እንበል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ ተጨማሪው የደርሶ መልስ ጉዞ 880 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ለሚፈጅ መኪና 70 ሊትር ነዳጅ ማለት ነው። ጊዜው ደግሞ በወር ወደ 37 ሰዓት፤ አንድ የሥራ ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከወጡ እጥፍ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ መኪና ይጠይቃል። የመኪናውን ወርኃዊ ወጪ ከቤቱ ብድር ክፍያ ጋር ደምሮ ያየ ሰው፣ ውድ ያለው አፓርታማ ያን ያህል ውድ አለመሆኑን ይረዳል።

አፓርታማም የራሱ ጣጣ አለው፤ የሚመጣው ግን ከገቡ በኋላ ነው። በመሸጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ስፋት ግድግዳውን፣ አንዳንዴም የኮሪደሩንና የደረጃውን ድርሻ ይጨምራል፤ ሜትር ይዞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መለካት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት ካለ የላይኛው ቤት ወለል ውሃ መከላከያው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥገናው የሚሠራው ደግሞ በጎረቤት ቤት ውስጥ ነው፣ በጎረቤት ፈቃድ።

ከሁሉም በላይ የሕንፃው የጋራ ገንዘብ መታየት አለበት። ወርኃዊ መዋጮው ትንሽ መሆኑ ገዢውን ያስደስታል፤ እኛን ያሳስበናል። ሊፍት ከ20 እስከ 25 ዓመት አገልግሎ መለወጡ አይቀርም፣ የጣሪያው ውሃ መከላከያ ከዚያም ቀደም ብሎ ይደክማል፣ ፓምፑና ቋሚው የፍሳሽ ቱቦም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ለዚህ የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ ወጪው አንድ ቀን በየቤቱ ተከፋፍሎ ይመጣል። የሦስት ዓመት ሒሳብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠይቆ ማን እንዳልከፈለ፣ ስለ ምን ብልሽት ተደጋግሞ እንደተነሳ ማንበብ ከአዲስ ቀለም ይልቅ ይናገራል። ገና በፕላን ላይ ያለ አፓርታማ ከሆነ ግን መጀመሪያ የጠቀስነው ጥቅም፣ ዋጋው የታወቀ መሆኑ፣ ቀረ፤ እሱም እንደ ቤቱ ግምት ነው።

«መሬት ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ክርክርም ቅድመ ሁኔታ አለው። ሕንፃ ያረጃል፣ ዋጋ የሚይዘው መሬቱ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዳር ላይ አጠገብ ላጠገብ አዲስ ቦታ እየተሸነሸነ እስከተሸጠ ድረስ፣ ቤቱን ለመሸጥ የሚወጣ ሰው የሚፎካከረው ከአዲስ ቦታ ጋር ነው።

እንግዲህ በቤቱ ሁለት ሰው በየቀኑ ወደ መሐል የሚወጣ ከሆነና ገንዘቡ ልክ በውሉ ዋጋ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ የጋራ ገንዘቡ ሒሳብ ንጹሕ በሆነ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ጠበብ ያለ አፓርታማ እንመርጣለን። ሥራው እቤት ለሆነ ወይም ዳር ለሚሠራ፣ አፈሩን አስመርምሮ መጠባበቂያውን ለያዘ ሰው ግን ቤቱን መሥራት ያዋጣዋል።