ካሜራው በአራተኛው ቀን የት ነበር?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ፈውስ ተአምር የምናገረው ለሁላችንም ነው። ለአማኙም፣ ለተጠራጣሪውም፣ ቪዲዮ አይቶ «አሜን» ጽፎ ለሚያልፈውም። መጀመሪያ ግን የት ቆሜ እንደምናገር ልንገራችሁ። እኔ አማኝ ነኝ። እናቴ እኔን ያገኘችው በስለት ነው። ካገባች 7 ዓመት ልጅ አልነበራትም። ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ ተሳለች፤ ዓመት ሳይሞላ አረገዘችኝ። ታኅሣሥ 19 ቀን ታቅፋኝ ሄዳ ጃንጥላ አስገባች። ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ይሄ ታሪክ ይነሳል። ስንት ጊዜ ሰምቼው ዛሬም እንባዬ ይመጣል።

ስለዚህ «ተአምር ዛሬም አለ ወይ?» ብትሉኝ «አለ» እላለሁ። «ታረጋግጥልናለህ?» ብትሉኝ ግን አልችልም። ሳይሳሉ ከ7 ዓመት በኋላ የወለዱ አሉ። ተስለውም ሳይወልዱ የቀሩ አሉ፤ እነሱን ማይክ ሰጥቶ የሚያናግራቸው የለም። እናቴም ማስረጃ ይዛ ዞራ አታውቅም። «ሐኪም ቤት ምን ያደርግልሻል፣ ቁልቢ ሂጂ» ብላ ጎረቤት መክራም አታውቅም። ምስጋናዋን አደረሰች፣ ልጇን አሳደገች፣ በቃ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ ዓይነት 1 የሚባለው። ቤታቸው ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው በትንሽ ማሰሮ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ነው። ማሰሮዋ አልጋው ግርጌ ትቀመጣለች። አሸዋው ሲደርቅ አክስቴ በእጇ ውኃ ትረጭበታለች። 7 ዓመት ሙሉ እንደዚህ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት ሰው መክሯቸው ወደ አንድ የፈውስ ጉባኤ ወሰዱት። መድረክ ላይ ወጣ። አገልጋዩ እጁን ጫነበት። ልጁ ወደቀ። ሲነሳ «ምን ይሰማሃል?» ተባለ። «ቀለለኝ» አለ። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ተነገረው። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ አያስፈልግህም!» ተባለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ካሜራው ተጠግቶ ብልቃጧን ቀረጻት።

በመጀመሪያው ቀን ደህና ዋለ። በሁለተኛው ቀን ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣ ጀመር፤ ሽንት ቤት ተመላልሶ ደከመው። በሦስተኛው ቀን የቀመሰው ሁሉ አልረጋ አለው። በአራተኛው ቀን ሌሊት አተነፋፈሱ ተለወጠ። ዳገት ሲሮጥ ያደረ ሰው ይመስል በረጅሙ ይስባል፣ ቶሎ ቶሎ ያወጣል። አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ቤት የነበሩት ሰዎች «መንፈሱ ሊወጣ ሲል እያታገለው ነው» ብለው ጸሎቱን አጠበቁት። እኔ ስደርስ ስሙን ብጠራውም አላወቀኝም።

መንፈስ አልነበረም። የዚህ ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመነጭም። ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ያቃጥላል። ስቡ ሲቃጠል ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ያ አተነፋፈስ ሰውነት አሲዱን በሳንባ ለማስወጣት የሚያደርገው የመጨረሻ ትግል ነው። ያ ሽታም ከዚያው ነው። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሷ ጣቱን ወግታ ለካችው። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም። ከአቅሙ በላይ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ብቻ መጣ። ፈሳሽ ሰቀሉለት፣ ኢንሱሊን ጀመሩለት። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ።

አክስቴ «እሱ መትረፉ ነው ተአምሩ» ትላለች። አልከራከራትም። እኔም ያን ሌሊት በታክሲው ውስጥ ስጸልይ ነበር።

ግን ወገኖቼ፣ ካሜራው በአራተኛው ቀን የት ነበር? ብልቃጧን ተጠግቶ የቀረጸው ሰው ያን አተነፋፈስ ለምን አልቀረጸም? ቪዲዮው ዛሬም ይዞራል። ሥሩ በመቶ የሚቆጠር «አሜን» አለ። እንዲያወርዱት ለመንናቸው። መልስ የለም።

ለምእመናን ወንድሞቼና እህቶቼ ልናገር። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ምን አለው? «ለማንም እንዳትናገር ተጠንቀቅ፥ ነገር ግን ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ» አለው። በዚያን ጊዜ ቆዳን የሚመረምር ካህኑ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጣችሁ አንብቡ። የሚያጠራጥር ምልክት ካለ ሰውየውን 7 ቀን ዘግቶ ያቆየዋል። በ7ኛው ቀን እንደገና ያየዋል። አሁንም ካልለየለት ሌላ 7 ቀን ይጨምራል። ያዳነው ጌታ ራሱ የዳነውን ወደ ምርመራ ላከው። እኛስ? 7 ደቂቃ አልጠበቅንም። የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣም ሕዝቡን ከቤት አስወጥቶ ነው። «ይህን ማንም እንዳያውቅ» ብሎ አጥብቆ አዘዘ፤ ከዚያ የምትበላውን እንዲሰጧት ነገራቸው። የልጅቷን ረሃብ ነው ያሰበው። ይሄን የመሰለ ርኅራኄ የትኛው መድረክ ላይ አያችሁ?

ለምርመራ የማይቀርብ ፈውስ ይዞ የሚመጣ ሰው ከዚያ ሥርዓት ውጭ ነው። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ብሎ አፋችሁን ሲያስይዛችሁ «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» የሚለውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ አስታውሱት።

ይሄ የአንድ እምነት ችግር ብቻ አይደለም። እንጦጦ ማርያምን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ስንት ወገኖቻችን እዚያ ተራራ ላይ ቤት ተከራይተው ጸበል ተጠምቀዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ያኔ «ጸበል ከጀመርክ ኪኒን አትንካ» የሚባለው ወሬ ሰው እየጨረሰ ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ተናገሩ። ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፤ አይጋጩም፤ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አይደለም አሉ። ያ ቃል ለብዙ ሰው ኪኒኑን በጸበል የመዋጥ ድፍረት ሰጠ። ሙስሊም ወገኖቼም ነቢዩ ሙሐመድ «ታከሙ» ማለታቸውን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በሩቅያ፣ ማለትም በሕመምተኛ ላይ ቁርኣን እየቀሩ በመጸለይ ስም፣ መድኃኒት የሚያስጥል ሰው የነቢያችሁንም ቃል አልሰማም ማለት ነው።

ስለ ኤች አይ ቪ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነውና። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው የቫይረስ መጠኑ ሲለካ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ትልቅ የምሥራች ነው። ቫይረሱ ግን ተደብቆ ተቀምጧል። ይሄን ወረቀት መድረክ ላይ ይዞ «ነጻ ወጣሁ» የሚል ሰው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ወረቀቱን በትክክል ያነበበለት ሰው አጥቶ ነው። ኪኒኑን የጣለ ቀን ግን ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ያን ወረቀት ያመጣው መድኃኒቱ ነበር። እኛ ምስጋናውን ነጥቀን መድኃኒቱን አስጣልነው።

ምርመራ እምነት አያጠፋም። ፈረንሳይ ውስጥ ሉርድ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1858 አንዲት ልጅ እመቤታችንን አየኋት ካለች በኋላ ሕሙማን ከዓለም ዙሪያ ይጎርፉባታል። ከ1883 ጀምሮ እዚያው የሐኪሞች ቢሮ ተቋቁሟል። «ዳንኩ» የሚል ሰው የቀድሞ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። ሕመሙ ከባድ ነበር ወይ? በድንገት ዳነ ወይ? ሙሉ በሙሉ ዳነ ወይ? በሕክምና አይገለጽም ወይ? ከዓመታት በኋላስ አልተመለሰበትም ወይ? እየተባለ ይመረመራል። እስካሁን «ዳንኩ» ብለው የተመዘገቡት ከ7,000 ይበልጣሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ «ተአምር» ብላ የተቀበለቻቸው ግን ከ70 ጥቂት ቢያልፉ ነው። አስቡት። በተአምር የሚያምኑ ሰዎች ናቸው ከ100 ወደ 99ኙን «ይሄኛውን አናውቀውም» ብለው የመለሱት። እኛ ጋ በአንድ ከሰዓት 30 ሰው ይድናል፣ አንዱም ተመልሶ አይጠየቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ተጠራጣሪ ወገኖቼ። ጥያቄያችሁን አከብራለሁ። ቶማስም ጠይቋል፤ ጌታም ጎኑን አሳየው እንጂ አላባረረውም። ግን ሁለት ጥያቄዎችን አታደባልቁ። «ይህ ሰው ታሞ ነበር ወይ? አሁን ድኗል ወይ?» የሚለው ይመረመራል። ወረቀት አለ፣ ደም አለ፣ ራጅ አለ። «ያዳነው እግዚአብሔር ነው ወይ?» የሚለውን ግን የትኛውም ላቦራቶሪ አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ለአንዳንዱ ተጸለየ፣ ለአንዳንዱ አልተጸለየም። በማያውቁት ሰው መጸለይ ለውጥ አላመጣም። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው እንዲያውም ትንሽ የባሰ ችግር ገጠማቸው፤ 59 በመቶ ናቸው፣ የሌሎቹ 52 በመቶ አካባቢ ነው። አማኝ ይሄን ሲሰማ ጆሮውን አይድፈን። ተጠራጣሪም «አለቀ፣ አምላክ የለም» አይበል። ጥናቱ ያሳየው ጸሎት እንደ ኪኒን በሚሊግራም እንደማይለካ ነው። እናቴ ቁልቢ ላይ ያደረገችው ልመና ነበር። ለማኝ ደግሞ አያዝም።

ደግሞ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እናቱ ራስጌው ሆና እያነባች «የታለ አምላካችሁ?» አትበሉ። አክስቴን በዚያ ሳምንት እንዲህ ያላት ዘመድ አለ። ትምህርት አልሆናትም። ሌላ ጊዜ ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚያሸማቅቅ ቁስል ነው የሆነባት። የተማራችሁ ከሆነ ትምህርታችሁን አምጡላት። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። ለታክሲ ብር አዋጡ። ያን ሌሊት የጎደለን እሱ ነበር።

ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ረስተነው ይሆን? በሐምሌ 2010 ዓ.ም በምዕራብ ኦሮሚያ ገሊላ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሰው የተቀበረ አስከሬን አስቆፍሮ ሬሳው ላይ ተኝቶ «ተነሣ» እያለ ጮኸ። አልተነሣም። ከቤተሰቡ ራሳቸውን የሳቱ ነበሩ፣ ተቆጥተው የተነሡበትም ነበሩ። ፖሊስ ደርሶ ያዘው። ያን ቪዲዮ አይተን ስቀናል። እኔም ስቄያለሁ፤ ዛሬ አፍራለሁ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ነበር። ተስፋ ሰጥቶ ሟቻቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የገደለባቸው።

አንዲት የማውቃት ልጅ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን የ8 ወር ደመወዝ «ዘር» በሚሉት መባ ስም ለአገልጋዮች ላከች፤ እናቷ ከኩላሊት ሕመም እንድትድን። በስልክ ጸለዩላት። እናቷ ኩላሊት እጥበት የምትሄድበት ገንዘብ አጣች። ለማን ይከሰሳል ይሄ? ልጅቷ ራሷን ነው የምትከሰው። «እምነቴ ጎደለ» ትላለች። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ለታመመ ሰው ይሄን ቃል አታሸክሙት። በሽታው ይበቃዋል።

የዳናችሁ መስክሩ። የዓይነ ስውሩን ምስክርነት እወደዋለሁ፤ ፈሪሳውያን ሲያፋጥጡት «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» ነው ያለው። ያላወቀውን አልጨመረም። እናንተም እንደሱ አድርጉ። ተመርመሩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሐኪማችሁ «ይበቃሃል» ሳይላችሁ መድኃኒት አትጣሉ። ቪዲዮ የምትልኩም ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ይሄ ሰው አሁን የት ነው? ከ6 ወር በኋላ ያየው አለ?

ትናንት ማታ ዋሽንግተን የምትኖር ዘመዳችን ቪዲዮ ላከችልኝ። «የራሳችን ልጅ እኮ ነው፣ እልል በሉ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ከፈትኩት። ያው ብልቃጥ ነው። ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አሁንስ ይወጋል?» አለችኝ።

«በቀን 2 ጊዜ» አልኳት።

«እኔ እኮ ለ3 ሰው ልኬዋለሁ። አንዷ ልጇ ስኳር አለበት» አለች።

«ስልኩን ልዝጋልሽ» አልኳት። «አሁኑኑ ደውይላት።»