ዓውደ ጥናት ብቻውን አይበቃም

የመምህራን ማኅበራት ማኅበራዊ ፍትሕን በአባሎቻቸው ዘንድ የሚያሰርጹት በሥልጠናና በዓውደ ጥናት ነው ይባላል። ሥልጠናው አይከፋም፤ ግን አባሉ ይበልጥ የሚማረው ማኅበሩ በራሱ ጓዳ ከሚያደርገው ነው።

ለምሳሌ መዋጮውን እንይ። ከሁሉም እኩል ገንዘብ ከተቆረጠ ጀማሪው መምህር ላይ ይከብዳል፤ ከደመወዝ በመቶኛ ሲሆን ግን ሁሉም እንደ አቅሙ ይከፍላል። ስብሰባም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ይጠራና፣ ልጅ የሚጠብቃቸው ሲቀሩ «ሴቶች አይሳተፉም» ይባላል። (በጀትም ሆነ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ድምፅ የሌለው የሴቶች ኮሚቴ ለፎቶ ብቻ ነው።)

ትልቁ መሣሪያ የኅብረት ድርድር፣ ማለትም ማኅበሩ አባላቱን ወክሎ ከአሠሪው ጋር የሚያደርገው ድርድር ነው። የድርድር ጥያቄዎች ከመረቀቃቸው በፊት የኮንትራት መምህራንና አካል ጉዳተኞች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ አለዚያ የደመወዝ ጭማሪው ጥያቄ የእነሱን ይውጠዋል። ደመወዙንም በጾታና በቅጥር ዓይነት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። መነሻው እኩል ሆኖ ልዩነቱ በእርከን ዕድገትና በኃላፊነት አበል ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 (እ.ኤ.አ. 1951) ለወንድና ለሴት ሠራተኞች እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ስለሚል ለተደራዳሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ብዙ ማኅበራት የሚሰናከሉት ግን ከሳሽም ተከሳሽም አባል በሆኑበት የትንኮሳ ጉዳይ ላይ ነው። አንድ ተወካይ ሁለቱንም ከያዘ አቤቱታው ተዳፍኖ ይቀራል። ለየራሳቸው ተወካይ ይመደብላቸው፤ ሁለቱ ተወካዮችም መዝገብ አይጋሩ። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 (እ.ኤ.አ. 2019) በሥራ ዓለም ያለን ጥቃትና ትንኮሳ የሚመለከት ስለሆነ የውስጥ ደንቡን ሲያረቁ አጠገብ ማስቀመጥ ይጠቅማል።