አዘዞ ለመግባት የሚያስብ ሰው ምን ይመዝን?

በጎንደር መሃል ከተማ፣ በተለይ በፒያሳ፣ በአራዳና በማራኪ አካባቢ፣ የቤት ኪራይ ደመወዝተኛውን ካስመረረ ሰንብቷል። በዚህ የተነሳ በከተማዋ ደቡብ በኩል ወዳሉት ወደ አዘዞ ወይም ወደ ጠዳ መውጣት ይሻል እንደሆነ የሚመካከር ቤተሰብ ብዙ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የኪራዩን ልዩነት በማስላት ነው፤ እኔ ግን ኪራዩ በመጨረሻ መታየት ያለበት ቁጥር ነው እላለሁ። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የቤተሰቡ ሥራ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሕክምናውና እድሩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

ከተማዋ ወደ ደቡብ መዘርጋቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሜኑ ተራራና ገደል ይበዛበታል፤ መሃሉ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ያለበት በመሆኑ ማንም እንዳሻው የሚገነባበት ስፍራ አይደለም። ሜዳው ያለው ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። በነገራችን ላይ፣ አዘዞን የጎንደር ጭራ አድርጎ ማየት ታሪክንም መዘንጋት ነው፤ ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት እዚያው አዘዞ ነው። ዛሬም የመተማና የጎርጎራ መንገዶች የሚገነጠሉባት፣ የአውሮፕላን ማረፊያው የሚገኝባት፣ የራሷ ገበያ ያላት ስፍራ ናት። ኑሮውን ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው ትበቃዋለች፤ የምትከብደው ለማደሪያ ብቻ ለሚፈልጋት ነው።

ፒያሳ የሚሠራና ልጆቹን እዚያው የሚያስተምር ሰው አዘዞ ቢገባ፣ በኪራይ ያተረፈውን በታክሲ መልሶ ይከፍለዋል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ታሪፍም አብሮ ወጥቷል፤ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ጠዋትና ማታ ሲመላለሱ የሚወጣውን ወር ሙሉ ማስላት ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን ሰዓቱ ያሳስበኛል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በዘለቀው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ሳይመሽ ወደ ቤቱ ለመግባት የሚጣደፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ማድረስ ከማራኪና ከጠዳ እኩል አይደለም። ሥራው በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል የሆነ ወይም አዘዞ ላይ ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ እንዲያውም እስካሁን መሃል ከተማ የቆየው ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ ደግ ነው።

እድርን ብዙ ሰው ከሒሳቡ ይተወዋል። ነባሩን ሳይለቅ አዲሱን የሚጨምር ሰው ለሁለት ወገን ያዋጣል፤ ነባሩን የለቀቀ ደግሞ ለዓመታት ያስተዛዘናቸውን ሰዎች ይዞ አይሄድም። ለወጣት ባለትዳሮች ቀላል ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባት አብረው ካሉ ግን ከደብራቸውና ከሰንበቴያቸው መለየቱ ለእነሱ ከኪራዩ ይበልጥ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ምክሩ ላይ የእነሱም ድምፅ መሰማት አለበት።

ቦታ ገዝቶ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከዚህ ሌላ ሥጋት አለበት። በዳር በዳሩ ከአርሶ አደር በእጅ ውል የሚገዛ መሬት ርካሽ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ ሻጩ አርሶ አደርም የሚሸጠው መብት የለውም። ሠርቶ ገብቶ በፈረሳ ከመነሳት ይልቅ በቤት ማኅበር ተደራጅቶ ወረፋ መጠበቅ ያስመርራል፣ ግን ይመረጣል። መሬቱ ራሱም ወጪ አለው፤ ወደ ደምቢያ ሜዳ በሚያዘነብለው በዚያ ወገን ብዙ ቦታ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በጥልቀት ተቆፍሮ በሌላ አፈር ካልተተካ ግድግዳ ይሰነጥቃል። መሃል ከተማ በርካሽ የተሠራ ቤት ያየ ሰው ያንኑ ሒሳብ ይዞ አዘዞ ቢወርድ መሠረቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል።

ውሃ በሁለቱም ወገን ችግር ነው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፣ የመገጭ ግድብም ለዓመታት ተጓቷል። ስለዚህ ቤቱን ከማየት በፊት በየስንት ቀኑ ቧንቧው እንደሚመጣ ጎረቤትን መጠየቅ ያዋጣል። ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ያለው የወባ ወቅትም ከደጋማው የከተማው ክፍል የሚመጣን ሰው ያልለመደው ነገር ነው።

ለዚህ ነው ለመሥራት ከመቸኮል በፊት ተከራይቶ መቀመጥን የምመክረው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ቢለያይም ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ ለተከራይ ጥቅም ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጭቃውን፣ ወባውን፣ የምሽቱን መንገድና የቧንቧውን ተራ ሁለት ሁለት ጊዜ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ቦታ ቢጠይቅም ወደ ማራኪ ቢመለስም የሚወስነው ኖሮ ባየው ነገር ነው።